የቤት እርጥበትና ሻጋታ፦ ጤናችሁና የተከራይነት መብታችሁ

(በካምፑ ሬዲዮ የጤና ዝግጅት ላይ በአማርኛ የቀረበ ንግግር። ዝግጅቱን ያልሰማችሁ እንድታነቡት፣ የሰማችሁትም በእጃችሁ እንዲቆይ በጽሑፍ ወጥቷል።)

 

ዛሬ ስለ ቤት እርጥበት እንነጋገራለን ስል አንዳንዶቻችሁ ሳትስቁ አትቀሩም። «ውሃ ለመቅዳት ተሰልፈን በምንውልበት፣ አቧራው ዓይን በሚያጠፋበት በካኩማ የምን እርጥበት ነው?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቱርካና ደረቅና ሞቃት አገር ነው። ነገር ግን ዝናቡ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ እናንተው ታውቃላችሁ። በአንድ ሌሊት ይወርዳል፣ ታራች ወንዝ ይሞላል፣ ውሃው መውጫ አጥቶ በየቤቱ ደጃፍ ይተኛል። የጭቃ ጡብ ግድግዳ ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ይመጠዋል። ፀሐይ ስትወጣ የውጭው ፊት በአንድ ቀን ይደርቃል። ከአልጋው ኋላ፣ ከሻንጣው ሥር፣ እህል ከተቀመጠበት ጥግ ያለው ግን ሳይደርቅ ይከርማል። ከሳምንት በኋላ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፤ ቤቱም ይሸታል።

ከመካከላችሁ ደግሞ ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ናይሮቢ ወርዳችሁ ኢስሊ ውስጥ ክፍል የተከራያችሁ፣ ወይም ልጃችሁና እህታችሁ እዚያ የሚኖሩ ብዙዎች ናችሁ። ናይሮቢ ከፍታው 1,700 ሜትር አካባቢ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። መስኮቱ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ኮሪደር የሚከፈት፣ ፀሐይ የማያየው ክፍል በእነዚያ ወራት ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ ንግግሬ ለካምፑም ለከተማውም ነው።

ይህን ርዕስ የመረጥነው ክሊኒክ ውስጥ በየጊዜው ከምንሰማው አንድ መልስ የተነሣ ነው። ልጇ በየሁለት ሳምንቱ የሚያስልባትን እናት «ቤታችሁ እንዴት ነው?» ብለን ስንጠይቃት፣ «ግድግዳው ውሃ ይተፋል፣ ልጁን ብርድ መታው» ትለናለች። «ለአከራይሽ ነገርሽው?» ስንላት ደግሞ «ምን ብዬ? ያስወጣኛል» ትላለች። ለሳሉ መድኃኒት ሰጥተን ወደዚያው ቤት እንመልሰዋለን። በእኔ አስተያየት ይህ ግማሽ ሕክምና ነው። ሌላው ግማሽ ያለው በአከራዩ እጅ ነው፤ እሱንም እንዴት እንደምትጠይቁት ዛሬ እናያለን።

ሻጋታ ምንድን ነው?

ሻጋታን ከእንጀራ እናውቀዋለን። እንጀራው ሲሻግት እንጥለዋለን፤ ግድግዳው ሲሻግት ግን ሥሩ አልጋ ዘርግተን እንተኛለን። ግድግዳ ላይ የሚወጣውም ያው የእንጀራው ዘመድ ነው። እርጥበት ባገኘበት ሁሉ ይበቅላል፣ በዓይን የማይታይ እንደ ዱቄት ያለ ዘር በአየር ላይ ይበትናል፣ እኛም እንተነፍሰዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካላት ሕመም፣ ለመተንፈሻ ኢንፌክሽንና ለአስም የበለጠ የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጿል። አፍንጫ መታፈን፣ ዓይን ማሳከክ፣ የሌሊት ሳል፣ ደረት ሲር ሲር ማለት የተለመዱት ምልክቶች ናቸው። ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ አስም ያለባቸውና በሌላ በሽታ ምክንያት ሰውነታቸው የመከላከል አቅም ያጣ ሰዎች ከሁሉም በላይ ይጎዳሉ።

አንድ ነገር ላስተካክል። «እርጥብ ቤት የሳንባ ነቀርሳ ያመጣል» የሚባል ነገር አለ። ነቀርሳን የሚያመጣው ተሕዋስ ነው እንጂ ብርድም ሻጋታም አይደለም። ነገር ግን አየር የማይገባበት፣ ሰው የተፋፈገበት ክፍል ተሕዋሱ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ የሚተላለፍበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለው ሰው «የቤቱ ነገር ነው» ብሎ እንዳይቀር፣ መጥቶ አክታውን ያስመርምር።

ስለ ትንንሽ ልጆች ደግሞ ይህን ያዙልኝ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ተረጋግቶ ሳለ፣ የስልካችሁን ሰዓት ይዛችሁ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን አምጡት። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም አልነቃ ያለ ልጅ ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ።

ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?

አከራይና ተከራይ የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው። አከራዩ «እናንተ ቤት ውስጥ ትቀቅላላችሁ፣ ልብስ ታሰጣላችሁ፣ መስኮት አትከፍቱም» ይላል። ተከራዩ «ጣሪያህ ያፈሳል» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ስለዚህ ከመጨቃጨቅ በፊት ማየት ይሻላል።

ከላይ የሚመጣ ውሃ በዝናብ ጊዜ ይታያል። ቆርቆሮው ምስማር የተመታበት ቦታ ተበስቷል፣ ወይም አሸንዳው ተደፍኗል። እድፉ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ከመሬት የሚመጣው ደግሞ ከወለሉ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ግድግዳው እስከ ጉልበት ወይም እስከ ወገብ ድረስ ይጠቁራል፣ ምርጊቱ ይረግፋል፣ አንዳንድ ጊዜም ነጭ እንደ ጨው ያለ ነገር ይተፋል። በከተማ ቤት በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ቧንቧ ቀድዶ ከሆነ ዝናብ ባይዘንብም አንዱ ቦታ ብቻ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እነዚህ ሁሉ የቤቱ ጉድለቶች ናቸው። ተከራይ መስኮት ቢከፍት ባይከፍት አይቀሩም።

ሦስተኛው ከውስጥ የሚመጣው ነው። የድስት እንፋሎት፣ የታጠበ ልብስ፣ የብዙ ሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ጥቁር ነጠብጣቡ አብዛኛውን ጊዜ በክፍሉ ማዕዘንና ከዕቃ ኋላ ነው የሚወጣው። እዚህም ላይ ቢሆን ጥፋቱን በተከራይ ላይ መጫን ቀላል ነው፤ መስኮት የሌለውን ክፍል ለስድስት ሰው ያከራየ ሰው ግን «ለምን አየር አታስገቡም?» ብሎ ሊጠይቅ አይገባም።

ለመለየት የሚረዳችሁ ቀላል ዘዴ አለ። እርጥቡን ግድግዳ በጨርቅ ጥረጉና የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ላስቲክ በፕላስተር አራቱንም ጠርዝ አጥብቃችሁ ለጥፉበት። (ፌስታል በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ስለተከለከለ ለዚህ ሥራ ብላችሁ ከየትም አትፈልጉ፤ የብስኩት መጠቅለያም ይሆናል።) ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስታዩት ውሃው ከላስቲኩ ኋላ፣ በግድግዳው በኩል ካለ፣ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው። በእናንተ በኩል ባለው ፊቱ ላይ ከሆነ ከክፍሉ አየር ነው። በስልክ ፎቶ አንሡት። አከራዩ ሲመጣ የምታሳዩት ነገር አላችሁ ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው «እኔ ስደተኛ ነኝ፣ ውልም የለኝ፣ ምን መብት አለኝ?» ይላል። እስቲ የኬንያን ሕግ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ላይ በቂ የመኖሪያ ቤትና ተገቢ የንጽሕና ሁኔታ የማግኘትን መብት ሲደነግግ «ማንኛውም ሰው» ይላል። «ማንኛውም ዜጋ» አይልም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የመሬት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 65 ላይ፣ ቤት፣ አፓርታማ ወይም አንድ ክፍል የሚያከራይ ሰው፣ በውሉ ላይ ባይጻፍም እንኳ፣ ቤቱ ሲከራይ ለሰው መኖሪያ የሚሆን መሆኑንና ኪራዩ እስካለ ድረስም እንደዚያው ሆኖ እንደሚቆይ ግዴታ እንደገባ ይቆጥረዋል። ከአንድ ሕንፃ ላይ ክፍሎችን ብቻ ያከራየ ከሆነ ጣሪያውን፣ ዋና ዋና ግድግዳዎቹን፣ የፍሳሽ መውረጃውንና የጋራ መተላለፊያውን የሚጠግነውም እሱ ነው። ከሁለት ዓመት የማይበልጥ የአጭር ጊዜ ኪራይ በቃልም ቢሆን ውል ነው። ስለዚህ «ወረቀት አልተፈራረምንም» የሚለው አከራዩን ነፃ አያወጣውም።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር የአከራዩ ነው ማለት አይደለም። የሰበራችሁትን መስታወት፣ የደፈናችሁትን የማጠቢያ ቱቦ፣ በቤቱ አጠቃቀም ያመጣችሁትን ጉዳት የምታቃኑት እናንተ ናችሁ። ይህን ስታደርጉ ስለ ጣሪያው ስትናገሩም ትደመጣላችሁ።

እንዴት ትናገራላችሁ?

መጀመሪያ በአክብሮት በቃል ንገሩ። አብዛኛው ነገር እዚህ ያልቃል። አከራዩ ካልተገኘ ለጥበቃው ወይም ለኬርቴከሩ ነግሮ መተው አይበቃም፤ እሱ ቁልፍ ያዥ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። መልስ ከሌለ በጽሑፍ አድርጉት። የስልክ መልእክትም ጽሑፍ ነው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይይዝላችኋል። ስዋሂሊ ወይም እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ፈልጉና እንዲህ የመሰለ አጭር መልእክት ይጻፍላችሁ፦

«ለቤቱ ባለቤት። በምኖርበት ክፍል ካለፈው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ጣሪያው ያፈሳል፣ በአልጋው በኩል ያለው ግድግዳም ረጥቦ ሻግቷል። የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ፣ ሌሊት ይስላል። በዚህ ወር በ5ኛው ቀንና በ12ኛው ቀን በቃል ነግሬዎታለሁ። መጥተው እንዲያዩትና በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲያስጠግኑልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ኪራዬን እስከ ዛሬ ከፍያለሁ።»

ስድብ የለበትም፣ ማስፈራሪያ የለበትም። ቀን፣ ቦታ፣ ጉዳትና ጥያቄ ግን አለበት። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሱ። ኪራይ በኤምፔሳ የምትከፍሉ ከሆነ መልእክቶቹን አታጥፉ፤ በእጅ የምትከፍሉ ከሆነ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ካልሰጠ ምስክር ባለበት ክፈሉ።

አንዳንዶች «እስኪጠግን ድረስ ኪራይ አልከፍልም» ይላሉ። ንዴቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን በራሳችሁ ውሳኔ ይህን እንዳታደርጉ እመክራለሁ። በኬንያ ሕግ አከራይ ላልተከፈለው ኪራይ የተከራይን ዕቃ አስይዞ የሚያሸጥበት መንገድ አለ። የተበደላችሁ እናንተ ሳላችሁ ባለዕዳ ሆናችሁ ትገኛላችሁ። ራሳችሁ አስጠግናችሁ ከኪራዩ ለመቀነስ ከፈለጋችሁም አስቀድማችሁ ዋጋውን ተስማሙ፣ ስምምነቱም በመልእክት ይስፈር፣ የቆርቆሮውንና የሠራተኛውን ደረሰኝ ያዙ።

አከራዩ እምቢ ካለ ወዴት ትሄዳላችሁ? ብዙ ሰው ቺፍ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይስማማል፤ ለትንሽ ጠብ ይህ ጥሩ ነው። ወርሃዊ ኪራዩ ከ2,500 ሽልንግ ለማይበልጥ መኖሪያ ቤት የኪራይ ጉዳይ የሚያይ ልዩ ፍርድ ሸንጎ በሕግ ተቋቁሟል። ስለ ጤና ጉዳይ ደግሞ የካውንቲው የኅብረተሰብ ጤና መኮንን አለ። በኅብረተሰብ ጤና ሕጉ መሠረት ለጤና ጠንቅ የሆነ ቤት ሲያገኝ ጠንቁ እንዲወገድ ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይችላል። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ። መኮንኑ ቤቱ ጨርሶ ለሰው አይሆንም ካለ ሰዎች እንዲወጡ ሊደረግ ይችላል። መሄጃ የሌለው ሰው ከዚህ በፊት የሕግ ምክር ቢጠይቅ ይበጀዋል። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሕግ ድጋፍ ሕግ የመንግሥት የሕግ እርዳታ ከሚገባቸው ሰዎች መካከል ስደተኞችን በስም ይጠቅሳል። ናይሮቢ ውስጥ ኪቱዎ ቻ ሸሪያ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1973 ተመሥርቶ ለአቅመ ደካሞች የሕግ ምክር ሲሰጥ የቆየ ነው፤ ስደተኞችንም ሲረዳ ኖሯል።

ወረቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። ከዚህ ሩቅ፣ እንግሊዝ አገር የሆነ ነው፤ ቤተሰቡ ግን እዚህ በየብሎኩ እንደምናውቃቸው ጎረቤቶቻችን ሱዳናውያን ናቸው። ሮችዴል በምትባል ከተማ ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርታማ ከአንድ የቤቶች ድርጅት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አባትየው እ.ኤ.አ. በ2017 ሻጋታ መኖሩን ሲያመለክት «ቀለም ቀባበት» ተባለ። ቀባበት፣ ሻጋታው ተመልሶ ወጣ። ልጃቸው አዋብ ኢስሃቅ ተወለደ፣ በዚያው ቤት አደገ፣ ይታመምም ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2020 ቤተሰቡን የምትከታተል የጤና ባለሙያ ስለ ሻጋታው ለድርጅቱ በጽሑፍ አሳወቀች። ጥገናው አልተደረገም። አዋብ በታኅሣሥ ወር 2020፣ ሁለት ዓመት በሞላው በስምንተኛው ቀን ሞተ።

የሞት ምክንያት የምትመረምረው ሹም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በሰጠችው ውሳኔ ልጁ የሞተው በቤቱ ሻጋታ ውስጥ ረጅም ጊዜ በመኖሩ በመጣ የመተንፈሻ አካል ሕመም መሆኑን አረጋገጠች። የቤቶች ድርጅቱም ስለ ቤተሰቡ አኗኗር የተሳሳተ ግምት ወስዶ እንደነበር አመነ። ቤቱ ሲረጥብ «የእነሱ አስተጣጠብ ነው፣ አበሳሰላቸው ነው» ማለት በእነሱ አልተጀመረም፤ እኛም አንዳንዴ በጎረቤታችን ላይ እንለዋለን። ከዚያ በኋላ በልጁ ስም የሚጠራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ፣ ከጥቅምት 2025 መጨረሻ ጀምሮም በሥራ ላይ ውሏል። በእንግሊዝ የማኅበራዊ ቤት አከራዮች አስቸኳይ አደጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ማስወገድ፣ ከባድ እርጥበትና ሻጋታ ሲነገራቸው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መመርመር፣ አደገኛ ሆኖ ከተገኘም በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ማስወገድ አለባቸው። እዚያ አገር በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ደውላችሁ ንገሩት።

ያ ሕግ እዚህ አይሠራም። ታሪኩን ያነሣሁት የአባትየው ማመልከቻና የባለሙያዋ ጽሑፍ ባይኖሩ ኖሮ እውነቱን ማውጣት ከባድ ይሆን ስለነበር ነው። ስለዚህ ልጃችሁን ወደ ክሊኒክ ስታመጡ ስለ ቤቱ ሳትጠየቁም ንገሩን። በካርዱ ላይ «የሚኖረው በእርጥብና በሻገተ ክፍል ነው» ተብሎ እንዲጻፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለአከራዩም፣ ለሽማግሌም፣ ለሸንጎም የምታሳዩት እሱን ነው።

በካምፑ ውስጥ ላላችሁ

እዚህ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የምትኖሩበት መጠለያ ለቤተሰባችሁ የተሰጠ ከሆነ አከራይ የላችሁም። ጥገና የምትጠይቁት በብሎክ መሪያችሁ በኩል ወይም በቀጥታ የመጠለያ ሥራ ለሚሠራው ድርጅት ነው። ያንኑ ደንብ ተከተሉ፦ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ ውሃው የገባበት ቀን፣ በቤቱ የሚኖሩ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሕመምተኞች ቁጥር፣ ካለ ፎቶ። በዓለም አቀፍ የእርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቦታ ያስፈልጋል ይባላል። ክፍላችሁ ከዚህ ከጠበበ እሱንም ጨምራችሁ አመልክቱ፤ መፋፈጉ እርጥበቱን ያባብሰዋልና። ያመለከታችሁበትን ቀንና የተቀበላችሁን ሰው የሥራ ኃላፊነት ደብተር ላይ ጻፉ። ገንዘብ የለም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ዝርዝር ሲወጣና ቆርቆሮ ሲመጣ የሚታየው በጽሑፍ የቀረበው ነው። በአንድ ብሎክ አሥር ቤት ረጥቦ ከሆነ አሥራችሁም በአንድ ወረቀት ላይ ፈርማችሁ ብታቀርቡ ይሻላል።

ከሌላ ስደተኛ ክፍል ወይም ሱቅ ተከራይታችሁ የምትኖሩም አላችሁ። ይህን በይፋ ማውራት የማይወዱ ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም የካምፑ መሬት የማንም የግል ንብረት አይደለም። ጠብ ሲነሣ ቢሮ መሄዱን ሁለቱም ወገን ይፈራል፣ ተከራዩም ዝም ይላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የኮሚኒቲው ሽማግሌዎች ይበጃሉ። ለማስታረቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎችንም አንድ ነገር ልለምን። ክርክሩን በኪራዩ ብር ላይ ብቻ አታቁሙት፤ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ግድግዳውን በእጃችሁ ዳስሱት፣ ልጆቹ የት እንደሚተኙ እዩ። አከራዩም ድሃ ስደተኛ ሊሆን ይችላል። ኪራዩ ለሁለት ወር ተቀንሶ ተከራዩ ራሱ ምርጊቱን ቢመርግ፣ አከራዩም ቆርቆሮውን ቢገዛ ሁለቱም ሳይጎዱ ያልቃል።

ጥገናው እስኪመጣ

ውሃውን ከቤቱ ማራቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከዝናቡ በፊት ዙሪያውን ቦይ ቆፍራችሁ ወደ ዝቅታው አውጡት፤ ወደ ጎረቤት በር ግን አታዙሩት፣ ሌላ ጠብ ነው። የግድግዳውን እግር በድንጋይና በወፍራም ምርጊት ደግፉት። ጀሪካን፣ የማገዶ ክምርና የአፈር ቁልል ከግድግዳው ጋር አይጠጋ። ውስጥ ደግሞ አልጋውንና ሻንጣውን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቁ፣ ፍራሽ መሬት ላይ አይነጠፍ፣ ፀሐይ ሲወጣ አንሥታችሁ ውጭ አስጡት። በርና መስኮት ትይዩ ካሉ በቀን ሁለት ጊዜ ሁለቱንም አንድ ላይ ክፈቱ። ለወባ ብላችሁ ማታ መዝጋታችሁ ትክክል ነው፤ ጠዋት ግን ክፈቱ። ከተቻለ ውጭ አብስሉ።

ሻጋታውን በደረቁ አትጥረጉት፤ ዘሩ ይበተንና ትተነፍሱታላችሁ። አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍናችሁ በውሃና በኦሞ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን ጣሉት፣ ቦታው ይድረቅ። ልጆችና አስም ያለበት ሰው በዚያ ሰዓት ከቤት ይውጡ። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ከሽንት ቤት አሲድም ሆነ ከሌላ የማጽጃ ዓይነት ጋር በፍጹም አትደባልቁት፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ የሻገተውን ምርጊት ፍቃችሁ አውጡት፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ አዲስ መርጋችሁ ኖራ ቀቡት። ኖራ ሻጋታ አይወድደውም። ውሃው መግባቱን ሳያቆም ግን ቀለምም ኖራም ቢቀቡት ለአንድ ወር ዓይን ከማታለል አያልፍም።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የሚያስፈራኝ ነው። ግድግዳውን ለማድረቅ ወይም ብርዱን ለማባረር ብላችሁ ጂኮ አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ቤት ውስጥ አትተኙ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ጭሱ ካለቀ በኋላም ከፍሙ ይወጣል፣ እንቅልፍ ላይ ያለውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደንዘዝ በቤቱ ሰው ሁሉ ላይ አንድ ላይ ከታየ ወዲያው ወደ ውጭ አውጧቸውና ለእርዳታ ጥሩ።

የመልእክቱን ናሙና በስዋሂሊ የምትፈልጉ ክሊኒኩ በር ላይ ያሉትን የጤና ሠራተኞች ጠይቁ፣ ያነቡላችኋል፣ ይጽፉላችኋል። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ መጠጥ ውሃ አያያዝ እንነጋገራለን። ሰላም ሁኑ።